ሦስተኛው የዲኤንኤ ፈትል የት ነው የሚገባው?

ናቲ ባዮ

ሰላም ለሁላችሁ። የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ለሰሚናር የደረሰኝ ርዕስ ሦስት ፈትል ያለው ዲኤንኤ ነው። መጀመሪያ ሳየው የታይፕ ስህተት መስሎኝ ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ሁለት ፈትል፣ ሁለት ፈትል ሲባል ነው የኖርነው።

ትንሽ ሳነብ ጭራሽ ተምታታብኝ። አንዱ ጋ ላይነስ ፓውሊንግ ሦስት ፈትል ነው ብሎ ተሳሳተ ይላል። ሌላው ጋ ደግሞ ሦስት ፈትል ያለው ዲኤንኤ በላብ ይሠራል፣ በሽታ ውስጥም እጁ አለበት ይላል። ታዲያ ሰውዬው ልክ ነበር ማለት ነው?

ሁለተኛው ጥያቄዬ፦ ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር አንዴ ተያይዘዋል። ቤዞቹ ውስጥ ናቸው፣ ፎስፌቱ ውጭ። ሦስተኛው ፈትል ታዲያ ምን ይዞ ነው የሚቆመው? ሥዕሉን አይቼው ምንም አልገባኝም። እባካችሁ በቃላት አስረዱኝ።

ተጠራጣሪው

ፓውሊንግ ተሳስቷል፣ ሁለት ፈትል ያሉት ዋትሰንና ክሪክ ልክ ናቸው፣ አለቀ። ቀሪው ኬሚስቶች በቱቦ ውስጥ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ሰሚናሩን በአምስት ደቂቃ ጨርስና ማኪያቶህን ጠጣ ሃሃ።

ጋሽ ኬሚስት

ተጠራጣሪው፣ እስቲ ረጋ በል። ናቲ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ለያቸው። የፓውሊንግ ሦስት ፈትልና የዛሬው ሦስት ፈትል የሚገናኙት በቁጥሩ ብቻ ነው።

ፓውሊንግና ኮሪ ሞዴላቸውን ያሳተሙት በፌብሩዋሪ 1953 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠቅሰው)። ሦስቱንም የፎስፌት ጀርባዎች መሀል ላይ ሰበሰቧቸው። ቤዞቹን ወደ ውጭ አዞሯቸው። ጣጣው ያለው ፎስፌቱ ላይ ነው። ሕዋስ ውስጥ ባለው ፒኤች ፎስፌት ሃይድሮጅኑን ጥሎ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዞ ነው የሚኖረው። ኔጌቲቭን በኔጌቲቭ ላይ መሀል ብትከምረው ይገፋፋል እንጂ አይያያዝም። ፓውሊንግ ከዚህ ለማምለጥ ፎስፌቶቹ ሃይድሮጅናቸውን እንደያዙ ናቸው ብሎ አሰበ። በዚያው ሃይድሮጅን እርስ በርስ አሰራቸው። እንደዚያ ከሆነ ግን ዲኤንኤ አሲድነቱ ቀረ። ይህን የሳተው ስለ ኬሚካል ቦንድ ዓለምን ያስተማረ ሰው መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ።

የጽሑፉ ቅጂ እዚያው ካምብሪጅ በሚማረው በልጁ በፒተር በኩል ዋትሰንና ክሪክ እጅ ገባ። ስህተቱን ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ነገሩ በራሳቸው ደርሶ አይተውታል፤ በ1951 መጨረሻ እነሱም ፎስፌቱ መሀል የሆነ ሦስት ፈትል ሠርተው ነበር። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ከለንደን መጥታ አየችውና ውድቅ አደረገችው። ዲኤንኤ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ፎስፌቱ ውጭ ካልሆነ ይህ ሁሉ ውሃ ቦታ የለውም ነው ክርክሯ።

ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ነገር ልጨምር። ኤፕሪል 1953 የወጣው የዋትሰንና የክሪክ ጽሑፍ የሚተቸው የፓውሊንግን ሞዴል ብቻ አይደለም። ፍሬዘር የሚባል ሰው ያቀረበውን ሌላ ሦስት ፈትልም ያነሳል። በሱ ሞዴል ፎስፌቱ ውጭ፣ ቤዞቹ ውስጥ ናቸው። በደንብ ስላልተብራራ አንተችበትም ብለው አለፉት። ለዛሬው ትሪፕሌክስ (ሦስት ፈትል ያለው ዲኤንኤ) ቢያንስ በአቀማመጥ የሚቀርበው እንግዲህ የፍሬዘሩ ነው፤ የፓውሊንግ አይደለም።

ቦታው የት እንደሆነ ላብ ውስጥ ያሉት ይመልሱልህ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ።

ፒፔት

ጋሼ ሁሌም እንዲህ እያሉ ዋናውን ይተዉልናል። እሺ።

ናቲ፣ ሥዕሉን ተወውና አንድ አደኒን (ኤ) ብቻ አስብ። ጠፍጣፋ ሞለኪውል ነው፤ ዙሪያውን ጠርዞች አሉት። በአንደኛው ጠርዝ ከታይሚን ጋር ይያያዛል። ይሄን ትምህርት ቤት ተምረኸዋል። ሌላ ጠርዝ ደግሞ አለው፣ ወደ ትልቁ ቦይ የዞረ (በተጠማዘዙት ፈትሎች መሀል ከሚሄዱት ሁለት ጎድጎዶች ሰፊው)። እዚያ ኤን7 የሚባለው ናይትሮጅን ማንም ሳይነካው ቁጭ ብሏል። አጠገቡ ኤን6 ላይ ሁለት ሃይድሮጅን አለ። አንዱን ታይሚን ይዞታል፣ ሌላው ነጻ ነው። አንድ ሰጪና አንድ ተቀባይ ሥራ ፈተው ቆመዋል ማለት ነው።

አሁን ሌላ ታይሚን በትልቁ ቦይ በኩል ይመጣል። ኤን3 ላይ ያለውን ሃይድሮጅን ወደ ኤን7 ያዞራል። ኦ4 ደግሞ ነጻውን ሃይድሮጅን ይይዛል። ሁለት የሃይድሮጅን ቦንድ ሆነ። የድሮው የኤ እና የቲ ጥንድ አልተፈታም፣ ቦታውንም አልለቀቀም። ከሰሚናርህ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ሰው እንዲይዝልህ ከፈለግህ ይሄን ይያዝልህ፦ ሦስተኛው ፈትል ማንንም አያፈናቅልም።

አያያዙ ሆግስቲን ይባላል። ካርስት ሆግስቲን በ1959 የአደኒንና የታይሚን ዘመዶችን አንድ ላይ ክሪስታል አድርጎ በኤክስሬይ አያቸው። እንደ ዋትሰንና ክሪክ ይያያዛሉ ተብሎ ሲጠበቅ በዚህኛው ጠርዝ ተያይዘው ተገኙ።

ጓኒንም እንዲሁ ነው፤ ኤን7 እና ኦ6 ወደ ቦዩ ዞረዋል። ታይሚንና ሳይቶሲን ግን በቦዩ በኩል ለአንድ ቦንድ የሚሆን ቦታ ብቻ ነው ያላቸው። ለሁለት አይበቁም። ስለዚህ ሦስተኛው ፈትል የትም አይቀመጥም። የሚፈልገው ፒዩሪኖች (ኤ እና ጂ) በአንድ ፈትል ላይ ተከታትለው የተሰለፉበትን ቦታ ነው፣ ኤጂኤጂጂኤኤጂ እያለ የሚሄድ። መሀል ላይ አንድ ፒሪሚዲን (ቲ ወይም ሲ) ከገባ አያያዙ ይላላል። ሁለት ሦስት ከገባ በቃ እርሳው።

ለምን ትልቁ ቦይ? አንደኛ ነጻው ጠርዝ ያለው እዚያ ነው። ሁለተኛ ይሰፋል፤ በተለመደው ቢ ዲኤንኤ ትልቁ 22 አንግስትሮም ገደማ፣ ትንሹ 12 ገደማ ነው። ሦስተኛው ሲገባ ጥምዙ ትንሽ ይፈታል። ሁለት ፈትል አንድ ዙር የሚጨርሰው በ10.5 ጥንድ ገደማ ነው። ትሪፕሌክስ ወደ 12 ይጠጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አሮጌ ሥዕሎች ላይ ትሪፕሌክስን ኤ መሰል (ኤ የተባለውን አጠር ወፈር ያለ የዲኤንኤ ቅርጽ የመሰለ) አድርገው ታገኘዋለህ። ከፋይበር ኤክስሬይ የተወሰደ ግምት ነበር። በኋላ በኤንኤምአር ሲታይ ስኳሮቹ በአብዛኛው የቢ ዓይነት ሆነው ነው የተገኙት። ሥዕል ስትመርጥ ይሄን እይ።

ናቲ ባዮ

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ! የኤን7 ነገር አሁን ነው ጥርት ያለልኝ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ፈትሎቹ አቅጣጫ አላቸው፤ ሦስተኛው በየት በኩል ነው የሚሄደው? ደግሞም ሁሉም ቦታ አሲድ ያስፈልጋል የሚል አያለሁ። ለምን?

ፒፔት

ሁለቱ ጥያቄዎችህ ተያይዘው ነው የሚመለሱት፤ ምክንያቱም ትሪፕሌክስ ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው ሦስተኛው ፈትል ፒሪሚዲን ሲሆን ነው። ታይሚን በኤ ላይ ይቀመጣል፣ ሳይቶሲን በጂ ላይ። አቅጣጫው ከፒዩሪኑ ፈትል ጋር አንድ ነው፤ ጎን ለጎን በአንድ ወገን ይሄዳሉ። አሲዱን የሚጠይቀው ሳይቶሲኑ ነው። የጓኒን ኤን7 ሃይድሮጅን ይፈልጋል፣ የሳይቶሲን ኤን3 ደግሞ ባዶውን ነው ያለው። ሁለቱም ተቀባይ ናቸው፣ ሰጪ የለም። ሳይቶሲን ኤን3 ላይ አንድ ፕሮቶን ካልያዘ ሁለተኛው ቦንድ አይኖርም። ብቻውን ያለ ሳይቶሲን ፕሮቶን የሚይዘው ፒኤች ወደ 4.5 ሲወርድ ነው። ትሪፕሌክስ ውስጥ ሲሆን ዙሪያው ያለው ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለሚያግዘው ከዚያ ከፍ ባለ ፒኤችም ይይዛል። ቢሆንም ሕዋስ ውስጥ ያለው 7.2 አካባቢ ይከብደዋል። ለዚህ ነው ላብ ውስጥ በ5.5 ወይም በ6 የምንሠራው። ሳይቶሲኑ ላይ ሜቲል ስትጨምርበትም ይሻለዋል።

ሁለተኛው ሦስተኛው ፈትል ራሱ ፒዩሪን ሲሆን ነው። ጂ በጂ ላይ፣ ኤ በኤ ላይ። አቅጣጫው ከፒዩሪኑ ፈትል ተቃራኒ ነው፣ ቤዞቹም ተገልብጠው ነው የሚያያዙት። ይሄኛው ፕሮቶን አይፈልግም፣ ፒኤች ግድ አይሰጠውም። የሚፈልገው ማግኒዚየም ነው። እዚህ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት አለ፤ ጂ የበዛበት ፈትል እርስ በርሱ እየተጣጠፈ ባለአራት ፈትል ነገር ይሠራና ኢላማው ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

የጀሞ ልጅ

ባዮሎጂ አልተማርኩም ግን ክሩ ይዞኛል። ሦስት ሆኖ የተገመደ ገመድ ቶሎ አይበጠስም ይባል የለ? ታዲያ ይሄ ከሁለቱ ይበረታል ማለት ነው? ከሆነ ተፈጥሮ ለምን ሁለት ላይ ቆመች?

ጋሽ ኬሚስት

ጥሩ ጥያቄ ነው። ገመዱ ግን እዚህ አይሠራም። ገመድ ሲገመድ ሦስቱም እኩል ይያያዛሉ። እዚህ ሁለቱ ተጋብተው ጨርሰዋል፣ ሦስተኛው በጎን የተጠጋ ነው።

በሙቀት ይታያል። በ260 ናኖሜትር ብርሃን እየለካህ ናሙናውን ቀስ አድርገህ ታሞቀዋለህ። ፈትሎች ሲለያዩ የሚወስዱት ብርሃን ይጨምራል። ትሪፕሌክስ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት እርከን ታያለህ፤ መጀመሪያ ትንሹ፣ ከዚያ ትልቁ። መጀመሪያ የሚወጣው ሦስተኛው ፈትል ነው። ሁለቱ ከሱ በኋላ ሌላ ብዙ ዲግሪ ይቆያሉ።

ምክንያቱ ያው የፓውሊንግን ሞዴል የጣለው ቻርጅ ነው። ሁለት ኔጌቲቭ ጀርባ ላይ ሦስተኛ ኔጌቲቭ ትጨምራለህ። ካላረጋጋኸው አይቆምም። የሚያረጋጋው ማግኒዚየም ነው፣ ወይም ስፐርሚንን የመሰሉ ብዙ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ትንንሽ ሞለኪውሎች።

ይህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው የታየው። በ1957 ፌልሰንፌልድ፣ ዴቪስና ሪች ቤተስዳ ውስጥ ሁለት ሰው ሠራሽ አርኤንኤ ቀላቀሉ። አንዱ አደኒን ብቻ፣ ሌላው ዩራሲል ብቻ። አንድ ለአንድ ሲቀላቀሉ ሁለት ፈትል ይሆናሉ፤ ይህ ይታወቅ ነበር። ማግኒዚየም ሲጨምሩበት ግን የብርሃኑ መለኪያ ዝቅተኛ ቦታ ወደ ሌላ ተዛወረ፤ ሁለት ዩራሲል ለአንድ አደኒን። ሦስት ፈትል ማለት ነው። የዋትሰንና የክሪክ ጽሑፍ ከወጣ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ስለዚህ ሦስት ፈትል አዲስ ፋሽን አይደለም ተጠራጣሪው።

ተፈጥሮ ለምን ሁለት አለች ላልከው፦ ሁለቱ ፈትሎች አንዱ ካለ ሌላውን መጻፍ ይቻላል። ማንኛውም ፊደል አቻ አለው። ሦስተኛው ግን ፒዩሪን ካልተደረደረለት ማንበብ አይችልም። ለዘር መዝገብነት አይሆንም።

ሳሮን

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። ቲክቶክ ላይ «ሦስት ፈትል ዲኤንኤ ይዞ የተወለደ ልጅ» የሚል ቪዲዮ አይቼ ነበር። ሌላ ደግሞ ዲኤንኤህን ወደ 12 ፈትል እናሳድግልህ የሚሉ አሉ፣ ገንዘብ ያስከፍላሉ። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ተጠራጣሪው

ሳሮን፣ በዚህኛው እንኳን ከሁሉም ጋር እስማማለሁ፤ አይገናኝም። 12 ፈትል የሚሉት ኪስሽን ነው የሚያዩት።

የልጁ ዓይነት ወሬ የሚመጣው ሦስት ቅጂን ከሦስት ፈትል ጋር በማምታታት ነው። አንድ ሰው ክሮሞዞም 21 ሦስት ቅጂ ይዞ ሊወለድ ይችላል፣ ዳውን ሲንድረም ይባላል። ወይም የአንድ ክሮሞዞም ቁራጭ ተጨማሪ ሊኖረው ይችላል። እያንዳንዱ ቅጂ ግን ያው ባለሁለት ፈትል ነው። መላ ሰውነቱ ባለሦስት ፈትል ዲኤንኤ የሆነ ሰው የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ፒፔት ምክንያቱን ተናግራለች፤ በፒዩሪን ብቻ የተሰለፈ ጂኖም የለም።

ጋሼን ግን ልመልስላቸው። ቱቦ ውስጥ መሠራቱን አልካድኩም። አሲድ ጨምረህ፣ ማግኒዚየም ጨምረህ፣ ፊደሉን መርጠህ ካዘጋጀህማ ምን የማይሠራ አለ? ሰው ሕዋስ ውስጥ አለ ወይ ነው ጥያቄዬ።

ነርቭ ክፍል

ኒውሮሎጂ ሬዚደንት ነኝ። ተጠራጣሪው ለጠየቀው የኔ ዘርፍ ትንሽ መልስ አለው።

መጀመሪያ ኤች ዲኤንኤ የሚባለውን እወቁ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሞስኮ ውስጥ ሊያሚቼቭ፣ ሚርኪንና ፍራንክ ካሜኔትስኪ ያሳዩት ነው። እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጣ ሦስተኛ ፈትል የለም። ዲኤንኤው ከራሱ ነው የሚሠራው። በአንድ ፈትል ላይ ፒዩሪኖች ተሰልፈው፣ ከመሀል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነበቡ አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ለምሳሌ ኤጂጂኤኤጂ ቀጥሎ ጂኤኤጂጂኤ፣ የሆነ ነገር ሊፈጠር ይችላል። ዲኤንኤው ጥምዙ ተፈቶ ውጥረት ሲይዝ ግማሹ ይከፈታል። ከተከፈተው ግማሽ የፒሪሚዲኑ ፈትል ወደ ኋላ ታጥፎ ያልተከፈተው ግማሽ ቦይ ውስጥ ይገባል። የቀረው ፒዩሪን ፈትል ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ነጠላ ፈትል ብቻ የሚቆርጠው ኤስ1 የተባለ ኢንዛይም ሲጨመር እዚያው ቦታ ላይ ይቆርጣል። በዚህ ነው የሚታወቀው።

አሁን ወደ በሽታው። ፍሪድራይክ አታክሲያ ይባላል፤ ጀርመናዊው ሐኪም ኒኮላውስ ፍሪድራይክ በ1860ዎቹ የገለጸው። ክሮሞዞም 9 ላይ ፍራታክሲን የሚባል ፕሮቲን የሚሠራ ጂን አለ። በመጀመሪያው ኢንትሮን ውስጥ ጂኤኤ ጂኤኤ ጂኤኤ እያለ የሚደጋገም ቦታ አለ። ጤነኛ ሰው ላይ ድግግሞሹ ከ40 በታች ነው። ታማሚዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ብዙ መቶ ነው፤ ከ1000 የሚያልፍም አለ። ይህ በ1996 ነው የተገኘው።

ፊደሉን እዩት። ጂኤኤ ሦስቱም ፒዩሪን ናቸው! ፒፔት የጠየቀችው ሰልፍ ራሱ ነው፣ ያውም ያለ ማቋረጫ በሺህ የሚቆጠር ፊደል ርዝመት። ኢንትሮኑ ፕሮቲን አይጽፍም፣ ስለዚህ ፍራታክሲኑ ራሱ ጤነኛ ነው። መጠኑ ነው የሚያንሰው። አርኤንኤ የሚጽፈው ኢንዛይም እዚያ ሲደርስ ይደናቀፋል። ፍራታክሲን ሲያንስ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ የብረትና የሰልፈር ቅንጅት ይበላሻል። ብዙ ጊዜ በልጅነት ወይም በጉርምስና ይጀምራል። ልጁ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ጉልበቱን በመዶሻ ስትመታው አይመልስም፣ ውሎ አድሮ ልብ ይታመማል። ከሁለቱም ወላጆች መውረስ አለበት።

ሐቀኛ ልሁን ግን። የሚያደናቅፈው ትሪፕሌክሱ ብቻ ነው አይባልም። ረጅሙ ድግግሞሽ ክሮማቲኑን (ዲኤንኤው ከተጠቀለለባቸው ፕሮቲኖች ጋር) ያጠብቀዋል፣ አዲስ የተጻፈው አርኤንኤም እዚያው ዲኤንኤው ላይ ይጣበቃል። የትኛው ይቀድማል የሚለው ክርክር አለበት። ላብ ውስጥ ጂኤኤው በረዘመ ቁጥር ትሪፕሌክስ መሥራቱ ግን አያከራክርም።

ሳሮን

ዶክተር አመሰግናለሁ። መድኃኒት አለው?

ነርቭ ክፍል

በ2023 አሜሪካ ውስጥ ኦማቬሎክሶሎን የሚባል መድኃኒት ተፈቅዷል፣ ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ። የሕዋሱን የኦክሲጅን ጉዳት መከላከያ ነው የሚያግዘው። ትሪፕሌክሱን አይነካም፤ በሽታውንም አያጠፋም፣ ያዘገያል።

ናቲ ባዮ

ትሪፕሌክስን ራሱን እንደ መድኃኒት መጠቀምስ? ጂን ላይ ሄዶ የሚቀመጥ ሦስተኛ ፈትል መሥራት ከተቻለ ጂኑን መዝጋት ይቻላል ማለት አይደለም?

ፒፔት

ይሄ ሐሳብ በ1987 ብዙ ሰው አሳብዷል። ካልቴክ ውስጥ ሞዘርና ደርቫን አጭር ፒሪሚዲን ፈትል ሠርተው ጫፉ ላይ ብረት የሚይዝ ኬሚካል ገጠሙበት። ፈትሉ ትልቁ ቦይ ውስጥ ኢላማውን አግኝቶ ተቀመጠ፣ ብረቱ ደግሞ ዲኤንኤውን እዚያው ቆረጠው። በዚያው ዓመት ፓሪስ ያሉት የነሄሌን ቡድንም ተመሳሳይ ነገር አወጡ። በ1990 ስትሮቤልና ደርቫን አንድ ሙሉ የእርሾ ክሮሞዞም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆረጡ። በዚያ ዘመን ይሄ ትልቅ ነገር ነበር። ካልቴክ የፓውሊንግ ቤት መሆኑን ደግሞ ልብ በል፤ ትክክለኛው ሦስት ፈትል ከዚያው ቤት ወጣ።

ከዚያ ግን ሕዋስ መጣና ነገሩን አከበደው። ፒኤቹ አይመችም። ነጻ ማግኒዚየሙ ትንሽ ነው። ፖታሲየሙ ጂ የበዛበትን ፈትል ያጣጥፈዋል። ኢላማው በክሮማቲን ተጠቅልሏል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የምትፈልገው ጂን ላይ ረጅም የፒዩሪን ሰልፍ አለመኖሩ ነው፤ ሰልፉ ባለበት ትሄዳለህ እንጂ በፈለግህበት አትሄድም። ክሪስፐር (በአርኤንኤ እየተመራ ዲኤንኤ የሚቆርጥ መሣሪያ) ሲመጣ ፊደል ሳይመርጥ ከሞላ ጎደል የትም ስለሚሄድ ብዙ ላብ ጥሎ ሄደ። እኔ አልፈርድባቸውም።

ግን አልሞተም። በ1991 ኮፐንሃገን ውስጥ ኒልሰንና ባልደረቦቹ ፒኤንኤ የሚባል ነገር አወጡ። ቤዞቹ ያው ናቸው፤ ጀርባው ግን ስኳርና ፎስፌት ሳይሆን ፕሮቲን መሰል ነው። ቻርጅ የለውም። ጋሼ የሚያማርሩበት መገፋፋት ጠፋ ማለት ነው። ሁለት ፒኤንኤ አንዱን የዲኤንኤ ፈትል ከግራና ከቀኝ ይዘው ትሪፕሌክስ ይሠራሉ፣ ሌላውን የዲኤንኤ ፈትል ያስወጡታል። ዛሬም ለጂን ማረም የሚሞክሩበት ቡድኖች አሉ።

ጋሽ ኬሚስት

ለተጠራጣሪው አንድ ተጨማሪ፣ ዲኤንኤ ባይሆንም። ማላት1 የሚባል ረጅም አርኤንኤ አለ፤ ፕሮቲን አይጽፍም። እንደ ሌሎቹ የኤ ጭራ የለውም፤ ጭራ ከሌለው ደግሞ ቶሎ መበላት ነበረበት። አይበላም። ጫፉ ላይ ሁለት የዩ ሰልፎች አንድ የኤ ሰልፍን ይዘው ሦስት ፈትል ይሠራሉ፣ ጫፉን ይደብቁታል። በ2012 ታወቀ፣ በ2014 የጆአን ስታይዝ ላብ ክሪስታሉን አሳየ። የ1957ቱ ሁለት ዩ ለአንድ ኤ፣ አሁን በሰው ሕዋስ ውስጥ።

ተጠራጣሪው

እሺ፣ ይሄኛው ጥሩ ነው። አርኤንኤ ላይ ተቀብያለሁ። ዲኤንኤ ላይ ግን ክሮሞዞም በትሪፕሌክስ ፀረ-አካል ቀለም ተቀብቶ የሚታይባቸውን ፎቶዎች አላምናቸውም። ክሮሞዞም ለማይክሮስኮፕ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ አሴቲክ አሲድ ይነካዋል። ራሳችሁ አሲድ ትሪፕሌክስ ይሠራል አላችሁ። ያየኸው ከመጀመሪያው የነበረውን ይሁን ያንተ አሲድ የሠራውን በምን ለየህ?

ፒፔት

ትክክለኛ ትችት ነው፤ ሰሚናሩ ላይ አስገባው ናቲ። ስለ ሕዋስ ውስጥ ማስረጃ ስታነብ መጀመሪያ ናሙናው በምን እንደተዘጋጀ ነው ማየት ያለብህ።

ናቲ ባዮ

አስገባዋለሁ። ከሰሚናሩ በኋላ ደግሞ ላብ ውስጥ በጄል እንድናሳየው መምህራችን ፈቅዶልናል። የተለመደውን ቲቢኢ በፈር ነው የምንጠቀመው። ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር አለ?

ፒፔት

ቲቢኢውን ተወው! ፒኤቹ 8.3 ነው፣ ሳይቶሲኖችህ ፕሮቶናቸውን ይጥላሉ። ውስጡ ያለው ኢዲቲኤ ደግሞ ማግኒዚየሙን ይለቅምብሃል። ቱቦ ውስጥ በትክክል የተሠራው ነገር ጄሉ ውስጥ ይፈርስና ሁለት ፈትል ብቻ ታያለህ። ከዚያ ሁላችሁም ተጠራጣሪውን ትሆናላችሁ።

ፖሊአክሪላማይድ ተጠቀም፣ የማያፈርሰውን ዓይነት፣ ያለ ዩሪያ። ጄሉም የሚሮጥበት በፈርም ሁለቱም ፒኤች 5.5 አካባቢ ይሁኑ፣ አሴቴት ወይም ኤምኢኤስ። ሁለቱም ውስጥ 10 ሚሊሞላር ማግኒዚየም ክሎራይድ ይኑር። ቀዝቃዛ ክፍል ካላችሁ እዚያ አሩጡት፤ ከሌለ ቮልቴጁን ቀንስ፣ እንዳይሞቅ። ፈትሎቹን ቀድመህ ቀላቅለህ አሳድራቸው፤ ሦስተኛው ፈትል ቦታውን የሚያገኘው ከሁለቱ በጣም ቀስ ብሎ ነው። ትሪፕሌክሱ ከሁለቱ ፈትል ዘግይቶ ከላይ ይቀራል። ጎን ለጎን ፊደሉ የተዘበራረቀ ሦስተኛ ፈትል የገባበት ናሙናም ጫን፤ እሱ ላይ ባንዱ ከፍ ካለ ያየኸው ትሪፕሌክስ አይደለም።

ናቲ ባዮ

ይሄን ያህል አልጠበቅኩም፣ ተባረኪ። የመጨረሻ፦ ክሪስፐርን እንደ ሦስት ፈትል ምሳሌ ባቀርበው ችግር አለው? ሁለት የዲኤንኤ ፈትልና አንድ አርኤንኤ፣ ሦስት ናቸው።

ፒፔት

አታቅርበው። እሱ አር ሉፕ ነው። አርኤንኤው አንዱን የዲኤንኤ ፈትል በዋትሰንና ክሪክ አያያዝ ይይዘዋል፣ ሌላው ተባርሮ ብቻውን ይቀራል። እዚህ ማፈናቀል አለ። ትልቁ ቦይ ውስጥ የገባ ማንም የለም፣ የኤን7 ጠርዝም እንዳለ ባዶ ነው። የሰው ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ላይ ያለው ዲ ሉፕም እንዲሁ ነው፤ 7ኤስ የሚባል አጭር ዲኤንኤ ገብቶ ሦስት ፈትል ያለበት ቦታ ይሆናል፣ ግን ትሪፕሌክስ አይደለም። ፈትል መቁጠር ብቻውን አይበቃም፣ ማን በየትኛው ጠርዝ እንደተያዘ ጠይቅ። ጥያቄ ሰዓት ላይ ይሄን የሚያነሳ ሰው አይጠፋም።

ተጠራጣሪው

አነሳለሁ። ሰሚናሩ መቼ ነው?